ሰው ሠራሽ እግሬ፦ ዕቃዬ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ስለ ስልክ፣ ስለ መኪና፣ ስለ ምግብ ቤት አስተያየት የሚጽፍ ሞልቷል። ስለ ሰው ሠራሽ እግር ግን ተጠቃሚ በአማርኛ የጻፈው ነገር ስፈልግ አጣሁ። በመኪና አደጋ፣ በጦርነት፣ በስኳር ሕመም እግሩን ያጣ ሰው በየሰፈሩ አለ። ያ ሰው እግር ሲሠራለት ምን እንደሚጠብቀው ቁጭ ብሎ የሚያስረዳው የለም። ሐኪሙ ስለ ቁስሉ ያወራል፣ ቤተሰብ ያጽናናል፣ ባለሙያው ይለካል፣ ከዚያ በቃ፣ ተራመጂ ነው። ስለዚህ እኔ ልጻፈው።

የምገመግመው እግር ከጉልበት በታች የሚገጠም የቀኝ እግር ነው። የተሠራው ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ ነው። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ያሳደገውና በብዙ አገሮች ያስፋፋው ዓይነት ነው። እኛም አገር ኮሚቴው በሚደግፋቸው የአካል ተሃድሶ ማእከላት፣ አዲስ አበባም ሆነ መቀሌ፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ፣ ይህንኑ ዓይነት ነው የሚሠሩት። ርካሽ ነው፣ ውሃ አይጎዳውም፣ የኛው ባለሙያዎች ይሠሩታል፣ ሲበላሽም እዚሁ ይጠገናል።

ለቸኮለ ሰው አጭሩ መልስ፦ ጥሩ እግር ነው፣ ዕድሉን ካገኛችሁ አሠሩ። ረጅሙ መልስ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ምክንያቱም ይህን እግር እንደ ስልክ ክብደቱን፣ ዋጋውንና ዕድሜውን ቆጥሬ ልጨርሰው አልችልም። ካደረግኩት ጀምሮ አንድ ጥያቄ አልለቅ ብሎኛል። ይህ ነገር የኔ ዕቃ ነው ወይስ የኔ አካል?

እግሬ ከተቆረጠ በኋላ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ተመሳሳይ ነገር ይለኝ ነበር። «ዋናው ነፍስሽ መትረፉ ነው።» «እግር ምን አላት፣ ጭንቅላትሽ ደህና ይሁን።» «አንቺ ያው አንቺ ነሽ፣ ምንም አልጎደለብሽም።» ከልባቸው ነው ያሉት፣ እኔም እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ግን ይህ ማጽናኛ የቆመበት አንድ ሐሳብ አለ። ሰው ማለት ውስጥ ያለው ነው፣ ነፍሱ፣ አእምሮው፤ አካል ደግሞ የሚገለገልበት ነገር ነው የሚል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ የኔ ጉዳይ በጣም ቀላል ነበር። አንዱ መገልገያ ተበላሸ፣ ሌላ ተተካ፣ አለቀ። አላለቀም። ለምን እንዳላለቀ ነው ማስረዳት የምፈልገው፣ ምክንያቱም ገና እግር ለሚያሠራ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለኝም።

መጀመሪያ ስለ አሠራሩ። ባለሙያው ቀሪውን እግር በጀሶ ይጠቀልለዋል። ጀሶው ሳይደርቅ በሁለት አውራ ጣቱ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለውን ጅማት ጫን አድርጎ ይይዛል። ይህ ቦታ ወሳኝ ነው። ብዙ ሰው የሰውነት ክብደት የሚያርፈው በተቆረጠው እግር ጫፍ ላይ ይመስለዋል፤ እኔም ያንን ሳስብ ገና ሳልረግጥ ያመኝ ነበር። ክብደቱ የሚያርፈው በዚያ ጅማት ላይና በጎንና በጎን ባለው ሥጋ ላይ ነው፣ ጫፉ በአብዛኛው ይተርፋል። የጀሶው ቅርፊት ሲደርቅ ይወልቃል፣ ውስጡ ደግሞ ሌላ ጀሶ ይሞላል፣ የናንተን ቀሪ እግር የሚመስል ቅርጽ ይወጣል። ባለሙያው ያንን ቅርጽ በሞረድ ይቀርጸዋል። ጫና መሸከም በሚችለው ቦታ ይቀንሳል፣ አጥንት በወጣበት ቦታ ይጨምራል። ከዚያ የፕላስቲኩ ወረቀት ምድጃ ውስጥ ለስልሶ በቅርጹ ላይ ይለብሳል፣ አየሩ ተስቦ ይጣበቃል። ውስጡ ለስላሳ ስፖንጅ ይገባበታል። ይህ ዋንጫ የሚመስለው ክፍል ሶኬት ይባላል፣ ሁሉም ነገር ያለው እሱ ላይ ነው። ከሱ በታች ያለው ቱቦና እግር ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል።

የሶኬቱ ነገር በጣም ይሰመርበት። የመጀመሪያው ሶኬቴ፣ የት እንደተሠራ አልናገርም፣ በጥድፊያ የተሠራ ነበር። ከፊት ለፊት ያለውን የአጥንት ጫፍ ይነካዋል። ያማል ስል «ትለምጂዋለሽ» ተባልኩ። አልለመድኩትም፣ ቆሰልኩ፣ ቁስሉ እስኪድን እንደገና ክራንች ላይ ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ ያገኘሁት ባለሙያ አስቀምጦኝ ቆዳዬን አይቶ የቀላውን ቦታ በእስክሪብቶ አከበበና «እህቴ፣ ሕመምን የሚለማመድ ሰው የለም፣ ሶኬቱ ነው የሚስተካከለው» አለኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር እግር የሚያሠራ ሰው ሁሉ በቃሉ ቢይዘው ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እግሬ ከተቆረጠ በኋላ እግሬ አልሄደም። ጣቶቼ ይሰሙኛል። ትንሿ ጣት ታሳክከኛለች፣ እጄን ሰድጄ ባዶ አልጋ አገኛለሁ። አንዳንድ ሌሊት ጣቶቼ በጠባብ ጫማ ውስጥ እንደተጨማደዱ ይሰማኝና ልዘረጋቸው አልችልም፣ የሚዘረጋ ነገር የለማ። ለማንም ሳልናገር ቆየሁ። አእምሮዬ የተነካ መስሎኝ ነው። እዚህ ላይ ያላችሁ ሁሉ ስሙኝ፦ እግራቸው ወይም እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች አብዛኞቹ ይህ ይሰማቸዋል። እብደት አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ሳይላስ ዌር ሚቸል የአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ቁስለኞች ላይ ያየውን ይህንኑ ነገር እ.ኤ.አ. በ1871 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ስም ሰጥቶ ጽፎበታል፣ ሐኪሞች ዛሬም «ፋንተም» የሚሉት ከሱ ወዲህ ነው።

ከሱ በጣም በፊት ደግሞ ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሬኔ ዴካርት ስለዚሁ ጽፏል። ዴካርት ማለት አእምሮና አካል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው በማለት ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ሰው ነው። በ1644 ባሳተመው መጽሐፉ አንዲት ልጅ አለች። እጇ በክፉ ቁስል ታሞ ነበር፣ ሐኪሙ ሲመጣ ዓይኗን ይሸፍኑላት ነበር። ቁስሉ ሲብስ ክንዷን ቆረጡት፣ እንዳታውቅ በቦታው ጨርቅ ጠቅልለው አሰሩላት። ልጅቷም በሌለው እጇ ላይ አንዴ ይህን ጣት አንዴ ያንን ጣት እያለች መታመሟን ትናገር ነበር። ዴካርት ከዚህ የወሰደው ትምህርት ሕመምን የምትሰማው ነፍስ እጅ ላይ ሳይሆን አንጎል ውስጥ ሆና ነው የሚል ነው። እኔ ግን ታሪኩን ሳነብ ልጅቷ ናት ያሳዘነችኝ። ውስጧ ያለው ነገር እጅ የለሽ ሆኖ መኖርን አያውቅበትም። እጁን ቢወስዱበትም እጁን ይዞ ቀረ።

ዴካርትን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ራሱ በ1641 መጽሐፉ ላይ ሰው በአካሉ ውስጥ ያለው መርከብ ውስጥ እንደተቀመጠ መርከበኛ አይደለም ብሏል። መርከቡ ሲሰነጠቅ መርከበኛው በዓይኑ ያያል፣ እኛ ግን ሰውነታችን ሲቆስል ያመናል። ይህን የተናገረ ሰው ነገሩ አልጠፋበትም። ግን ሁለቱ የተለያዩ ከሆኑ እንዴት እንደሚገናኙ ማስረዳት ተቸገረ። የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 በደብዳቤ ይህንኑ አጥብቃ ጠየቀችው። ነፍስ አካል ካልሆነች አካልን እንዴት ታንቀሳቅሳለች? መልሱ አላረካትም። እኔንም አላረካኝም።

እንግዲህ የፕላስቲኩ እግር የሚመጣው እዚህ ታሪክ መሃል ነው። ሳደርገው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ዕቃ ነበር፣ ከባድና የሚንቋቋ ዕቃ። ከዚያ በሁለት የብረት መደገፊያ መሃል እየተመላለስኩ፣ ባለሙያው እያየ ብሎኑን እየፈታና እያጠበቀ፣ ተረከዙን ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እያዞረ፣ አንድ ቀን አንድ ነገር ሆነ። ያ የማይታየው እግሬ፣ ተጨማዶ ሌሊት የሚያስጮኸኝ፣ ፕላስቲኩ ውስጥ ገባ። በሌላ ቃል ልነግራችሁ አልችልም። ጣቶቼ ጫማው ውስጥ ጣቶች መኖር ያለባቸው ቦታ ላይ ሆኑ። ወለሉን ስረግጥ ውስጥ እግሬ የረገጠ መሰለኝ። ፕላስቲክ አይሰማም፣ ነርቭ የለውም፣ የተሰማኝ ሶኬቱ ቆዳዬን ሲገፋኝ ነው። ግን ያንን ግፊት አእምሮዬ ከወለሉ የመጣ ወሬ አድርጎ ተቀበለው። ብዙ ተጠቃሚዎች ተመሳሳይ ነገር ይናገራሉ፣ ባለሙያዎቹም ያውቁታል።

ሁልጊዜ አይደለም ደግሞ። ሌሊት ሳወልቀው የማይታየው እግር ያጥራል፣ ጣቶቹ ወደ ጉልበቴ ጠጋ ይላሉ። ጠዋት ሳደርገው ይረዝማል። ሶኬቱ ሲላላ ወይም ሲያመኝ እግሩ ወዲያው ዕቃ ይሆንብኛል፣ የሰው ነገር የተሸከምኩ ይመስለኛል። ልኩ ሲሆን ደግሞ ረስቼው ነው የምውለው። የጥሩ ሰው ሠራሽ እግር መለኪያ ለኔ ይኸው ነው፤ ረስታችሁት ትውላላችሁ ወይ?

ሕመሙ ለከፋባቸው ስለ መስታወቱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ዋጋው የአንድ መስታወት ዋጋ ነው። በሁለት እግሮቻችሁ መሃል መስታወት ይቆማል፣ ጤነኛው እግር መስታወቱ ውስጥ ሲታይ በሌለው ቦታ እግር ያለ ይመስላል። ጤነኛውን ስታንቀሳቅሱ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። የተጨማደዱት ጣቶች ሲዘረጉ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ራማቻንድራን የሚባል የነርቭ ሳይንስ ሊቅ በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው ነው። በ2007 ደግሞ አሜሪካ እግራቸው የተቆረጠ 22 ሰዎች በሦስት ተከፍለው ተሞከረ። አንደኛው ቡድን መስታወት ተሰጠው፣ ሁለተኛው የተሸፈነ መስታወት፣ ሦስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ የሌለው እግሩን እያንቀሳቀሰ እንዲያስብ ተነገረው። መስታወቱን አይተው እስከ መጨረሻው የቆዩት ሁሉም ሕመማቸው ቀነሰ። በሐሳብ ብቻ የሞከሩት አብዛኞቹ ግን ባሰባቸው።

ይህን ውጤት ደግሜ ደግሜ አስቤዋለሁ። እግሬ እንደሌለ አውቃለሁ። ማወቄ ሕመሙን አንድም ሌሊት አቅልሎልኝ አያውቅም። ሕመሙ የሚሰማው እውቀት አይደለም፣ ዓይን ነው፣ ግፊት ነው፣ ወለል ነው። አእምሮዬ በአካሌ በኩል ካልነገሩት አያምንም። ታዲያ እንዴት ነው «ዋናው ጭንቅላት ነው» የምንለው? ጭንቅላቴ ራሱ ያለ እግሬ አላርፍ አለኝ እኮ።

እሺ፣ አሁን ኑሮ ውስጥ እንዴት ነው?

ጫማ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ይህን እወቁ። እግሩ ሲስተካከል በአንድ የጫማ ተረከዝ ከፍታ ነው የሚስተካከለው። ያንን ከፍታ ከቀየራችሁ ሁሉም ነገር ይዛነፋል። ከፍ ያለ ተረከዝ ሳደርግ ጉልበቴን ወደ ፊት ይገፋኛል፣ ባዶ እግሬን ስሆን ወደ ኋላ ይጥለኛል። ታዲያ እኛ አገር ባዶ እግር የማይኮንበት ቦታ የት አለ? ቤተ ክርስቲያን ጫማ ወልቆ ነው የሚገባው። መስጊድም እንዲሁ። ብዙ ሰው ቤትም ጫማ በር ላይ ይቀራል። የመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ ላይ ጫማዬን አውልቄ ስቆም ሙሉውን ጊዜ ወደ ኋላ ላለመውደቅ ስታገል ነው ያለቀው። አሁን ባለሙያው ከተረከዙ ሥር የሚገባ ጠንካራ የስፖንጅ ቁራጭ ቆርጦ ሰጥቶኛል፣ በሱ ላይ ወፍራም ካልሲ አደርጋለሁ፣ መቋሚያም እይዛለሁ፣ እቆማለሁ። ግን ይህ ለኛ አገር ሲታሰብ መጀመሪያውኑ መፍትሔ ሊኖረው የሚገባ ነገር ነው። ሕንዶች በ1960ዎቹ መጨረሻ ጃይፑር ላይ የራሳቸውን እግር ሲሠሩ በባዶ እግር እንዲኬድበትና ቁጢጥ እንዲባልበት አስበው ነው የሠሩት። ሰው እንዴት እንደሚጸልይና እንዴት እንደሚቀመጥ አይተው ማለት ነው። እኛም ጋ እንዲህ የሚያስብ ሰው ቢነሳ ደስታዬ ወሰን የለውም።

መቀመጥ። የሶኬቱ የኋላ ጠርዝ ጉልበት ሲታጠፍ ሥጋውን ይቆነጥጣል። ተራ ወንበር ላይ ችግር የለም። ቡና ሲፈላ የሚቀመጡበት ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ግን አይሆንም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለኔ ግን ትንሽ አይደለም። ቡና የማፈላው እኔ ነበርኩ፣ አሁን ሌላ ሰው ሲያፈላ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ሆኜ አያለሁ። ጠርዙን ትንሽ ዝቅ አድርጎ መሞረድ ይቻላል፣ ለባለሙያው ንገሩት፣ ሳትጠይቁ አይነግራችሁም።

መንገድ። አስፋልት ላይ በጣም ጥሩ። ኮብልስቶን ላይ ቁርጭምጭሚቱ ስለማይታጠፍ እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ሶኬቱ ይመጣል። ቁልቁለት ከዳገት ይከብዳል። ክረምት ላይ ጭቃው ይይዛል፣ ግን ታጥቦ ይደርቃል፣ በዚህ በኩል ፕላስቲክ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው። ታክሲ ስትገቡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ ፕላስቲኩ። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ላይ ለምትኖሩ የምለው የለኝም፣ አይዟችሁ ብቻ።

ሙቀትና ላብ። ያልባል፣ በጣም ያልባል። ካልሲ ቀይሩ፣ ማታ ማታ ሶኬቱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ቆዳችሁን በመስታወት እዩ። በተለይ የስኳር ሕመምተኞች ይህን አትተዉ። ቀሪው እግር በመጀመሪያው ዓመት እየቀነሰ ይሄዳል፣ ካልሲ እየደረባችሁ ትቆያላችሁ፣ ከዚያ አዲስ ሶኬት ይሠራል። ይህ የእግሩ ብልሽት አይደለም፣ የሚጠበቅ ነው።

ቀለም። ቡናማ ነው፣ የኔ ቡናማ ግን አይደለም። ቀሚስና ካልሲ ይሸፍነዋል። አሁን አሁን መሸፈኑንም ትቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘመድ ቤት ሄጄ ትንሽ ልረፍ ብዬ እግሬን አውልቄ ከሶፋው አጠገብ አቆምኩት። ቤቷን የምታስተካክል ልጅ መጥታ አንስታ ከጫማዎቹ ጋር በር ላይ ወስዳ አስቀመጠችው። ክፋት የላትም፣ ልጅ ናት። እኔ ግን ሰው ከመቀመጫዬ ጎትቶ ያስነሳኝ ያህል ተሰማኝ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። «እሱ እኔ ነኝ» ማለት ፈልጌ «አምጪልኝ» ብቻ አልኩ። እስቲ አስቡት፣ አንድ ሰው መኪናዬን ቢገጭብኝ ንብረቴን ጎዳ ይባላል። ይህን እግር ቢሰብርብኝስ? ንብረት ነው ወይስ አካል? የኔ መልስ አካል ነው። ስታወልቁልኝ ጠይቁኝ፣ ስትነኩት ጠይቁኝ፣ ስታነሱት ጠይቁኝ። አካል ጉዳተኛ ሰው ቤታችሁ ሲመጣ ክራንቹንም ተሽከርካሪ ወንበሩንም እንደዚሁ ቁጠሩት።

ውድ ስለሆኑት እግሮች የሚጠይቁኝ አሉ። ከጉልበት በላይ ለተቆረጡ በ1997 ኦቶቦክ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ያወጣው ሲ-ሌግ የሚባል በኮምፒውተር የሚሠራ ጉልበት አለ፣ አረማመዳችሁን እየለካ ራሱን ያጠነክራል ያላላል። ስዊድን ውስጥ ከ1990 ጀምሮ እግሩን በብረት ዘንግ በቀጥታ ከአጥንት ጋር ማያያዝ ተጀምሯል፣ ሶኬት የለም፤ ያደረጉት ሰዎች የሚረግጡት ምን ዓይነት መሬት እንደሆነ በአጥንታቸው በኩል እንደሚሰማቸው ይናገራሉ። ከሁሉም የሚመስጠኝ ግን ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሂዩ ኸር ቡድን የሚሠራው ነው። ኸር ራሱ በ1982 ተራራ ላይ በብርድ ተይዞ ሁለት እግሮቹን ያጣ ሰው ነው። እግር ሲቆረጥ ጡንቻዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ የሚያገናኝ ቀዶ ሕክምና አለ፣ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ይሳባል፣ በጤነኛ እግር እንደሚሆነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ የሌለው ቁርጭምጭሚት የት እንዳለ ለአንጎል ወሬ ይደርሰዋል። በ2024 ባወጡት ጥናት እንዲህ የተቆረጡ ሰባት ሰዎች በተለመደው መንገድ ከተቆረጡ ሰባት ሰዎች ጋር ተወዳድረው፣ ሞተር ያለውን ሰው ሠራሽ እግር በነርቫቸው እያዘዙ ከፍተኛ የእርምጃ ፍጥነታቸው በ41 በመቶ በልጦ ተገኘ። ሞተሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ከእግር ወደ ላይ የሚመጣው ስሜት ነው። እኔ በፕላስቲክና በስፖንጅ ያየሁትን እነሱ በቀዶ ሕክምና አሳዩት። አካል የሚያደርገው ማዘዝ ብቻ አይደለም፣ መስማትም ነው።

ለዚህ ነው ወደፊት የሰው አእምሮ ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል፣ ያለ አካል ለዘላለም እንኖራለን የሚሉ ሰዎችን ስሰማ የምቃወመው። እንዲህ የሚሉት ሊቃውንት ከኔ ይበልጥ የተማሩ ናቸው። ግን አንድ እግር ከጉልበት በታች ሄዶብኝ አእምሮዬ ዓመታት ሲፈልገው ከርሟል። ሁሉንም፣ እጁን፣ ሆዱን፣ ትንፋሹን፣ ቆዳውን የወሰዱበት አእምሮ እንዴት ሆኖ ነው እኔ ነኝ የሚለው? ማን ሆኖ ነው ማሽኑ ውስጥ የሚነቃው? ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሰውን እንደ ፋይል ማየት ልክ አይመስለኝም።

አክስቴ እግሬን ቤተሰብ ወስዶ ሲቀብር አብራ ሄዳ ነበር። ስትመለስ አጠገቤ ተቀምጣ «አይዞሽ ልጄ፣ ሙሉ ሆነሽ ትነሺያለሽ፣ እሱም ይጠብቅሻል» አለችኝ። ጸሎተ ሃይማኖት ላይ የሙታንን መነሣት ተስፋ እናደርጋለን ብለን የምንለውን ነው ያለችኝ። ከመጡት ሰዎች ሁሉ እግሬን እንደኔ የቆጠረችው እሷ ብቻ ናት። ምንም አልጎደለብሽም አላለችኝም። ጎድሎብኛል፣ እሷም ታውቃለች፣ የጎደለውም እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ነው ደህና አድርጌ ያለቀስኩት፣ ከዚያ በኋላ ነው እግር ላሠራ ያልኩት።

እንግዲህ ፍርዴ። ለዋጋው ይህ እግር በጣም ጥሩ ነው። ለሚሠራ፣ ገበያ ለሚሄድ፣ ልጅ ለሚያሳድግ ሰው ይበቃል። ለእርሻ ሥራ፣ ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት አገር ያደክማል። ደካማ ጎኑ የማይታጠፈው ቁርጭምጭሚትና የጫማው ነገር ነው። ጥሩ መሆንና አለመሆኑን የሚወስነው ደግሞ ፕላስቲኩ ሳይሆን የሚሠራላችሁ ሰው እጅ ነው።

ልታሠሩ ስትሄዱ አዘውትራችሁ የምታደርጉትን ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለቱንም እግር። ቁምጣ ወይም ከጉልበት በላይ የሚሰበሰብ ቀሚስ ልበሱ። በባዶ እግር የምትቆሙበት ቦታ ካለ፣ ዝቅ ብላችሁ የምትቀመጡበት ቦታ ካለ ከመለካታችሁ በፊት ተናገሩ። የሌለው እግራችሁ የሚያማችሁ ከሆነም አትፈሩ፣ ለፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ንገሩትና መስታወት ጠይቁ። ስታደርጉት የሚያም ቦታ ካለ ሳትወጡ እዚያው ንገሩ፣ ቆዳችሁን አሳዩ፣ እስኪስተካከል አትውጡ።